ያረፈ ይንዳ

ከሌሊቱ ስምንት፣ ማራኪ መውጫው ላይ
ባጃጄን አቆምኩና ታርጋዬን አየሁት።
ቅድም ሦስት ነበረ፣ አሁን ሰባት ሆኗል፤
ዘወር ብዬ ሳየው ሰባቱም ቀልጧል።
«ገባኝ» አልኩ ለራሴ፣ «ተኝቻለሁ ማለት ነው።
እዚያ፣ ቀበሌ አሥራ ስምንት፣ ትርንጎ ጎን ያለው፣
ያ የሚያንኮራፋው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ነው?»

ሰው ሕልሙን ሲያውቀው ይደነግጣል አሉ፤
እኔን ግን ስስት ነው የሚይዘኝ።
ቤንዚን አያልቅበት፣ ሰልፍ የለ፣ ወረፋ የለ፣
ትራፊኩ ተኝቷል፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።
ጎማዬን ከአስፋልቱ በአንድ ሐሳብ አነሣሁ፣
በአንገረብ ግድብ ላይ ውሃ ሳልነካ ነዳሁ፣
የግንቡን ጥርሶች በፊት ጎማ ቆጠርኩ፣
ጎሃ ጫፍ ወጥቼ ከተማዋን በመሪ አዞርኩ፣
መብራት የጠፋበትን ሰፈር
አንድ በአንድ፣ በጣቴ እያበራሁ።

ከኋላ ወንበር ላይ ደሳለው ተቀምጧል።
ጃኬቱ ያው ነው፣ ዚፑ እንደተሰበረ፤
ባለፈው ሐምሌ ነው፣ ከአዘዞ ሲመለስ መንገድ ላይ የቀረ።
መርዶውን ሲነግሩን «ሞተ» አላሉም።
«አረፈ» ነው ያሉት።
ያን ቃል አልወደድኩትም፤
ገና ያልደከመን ሰው፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ከምኑ ነው ያረፈው?
ሒሳብ አልጠይቀው፣ እሱም «ወራጅ አለ» አይለኝ።
«ንዳ» ይላል ብቻ። እነዳለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት፣
የቁስቋም ድምፅ ማጉያ በነፋስ ሲመጣ፣
ዓይኔን ስገልጠው፣ ክንዴ ከትከሻዬ ሊወጣ።
መዳፌ ውስጥ ገና ሞተሩ ይነዝራል፣
አንገቴ እንጨት ሆኗል፣ ወገቤ ይጮሃል።
«ስምንት ሰዓት ሙሉ እንደ ግንድ ተጋድመህ!»
ትላለች ትርንጎ፣
ሌሊት ውሃ መጥቶ ሰባት ጀሪካን የሞላችው፤
«እኔ ልድከም እንጂ፣ አንተን ምን አደከመህ?»

ምን ልበላት?
በሰማይ ስዞር አደርኩ ልበል?
በቀን ለእንጀራዬ፣ በሌሊት ለሕልም፣
አንድ ገላ ለሁለት ፈረቃ አይበቃም።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ውድነሽ ግፊቴን ለካች።
«ደህና ነህ። እንቅልፍስ?»
«ሞልቶ።»
«ሕልም?»
«ሕልሙንማ እኔው ነኝ የምነዳው።»
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«ታዲያ የምትተኛው መቼ ነው?
መሪ ጨብጦ ያረፈ ሾፌር እኔ አይቼ አላውቅም።
ካየሁም፣ ስፌት ክፍል ነው ያየሁት።»

ትናንት ሌሊት ታርጋዬ እንደገና ቀለጠ።
አወቅኩ። ጎማዬን ግን አላነሣሁም።
ቀስ ብዬ ወርጄ፣ ከነገሥታቱ መዋኛ ዳር ቆምኩ፣
ውሃው ለጥምቀት ብቻ በሚሞላበት፣
የዋርካው ሥር ድንጋዩን
እንደ ጣት ጨምድዶ በያዘበት።
የኋላውን ሸራ ገለጥኩ።
«ደሳለው» አልኩት፣ «ከሁለታችን
ያረፍከው አንተ ነህ።
ያረፈ ይንዳ እንጂ፣ እኔ እስከ መቼ?»
ሳቀ። ዚፑን ሊዘጋ ታገለ፣
እንደ ልማዱ እምቢ አለው።
ከዚያ ወደ ፊት ተሻገረ።

እኔ ከኋላ ገባሁ፣ ጉልበቴን አጥፌ።
የት እንሂድ አላለኝም።
ሞተሩ ሲነሣ ሰማሁ።
ከዚያ

ምንም።

ዛሬ ትርንጎ ሁለት ጊዜ ጠርታ ነው የቀሰቀሰችኝ።
መዳፌ ጸጥ ብሏል። ወገብ እንዳለኝም ረስቻለሁ።
«የት አደርክ?» አለች እየሳቀች።
«እኔ እንጃ» አልኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ
እንደ ወተት ጣፈጠኝ።

ፒያሳ ተራ ይዤ ታርጋዬን አየሁት፤ ሦስት።
ዘወር ብዬ አየሁት፤ ሦስት።
የኋላው ወንበር ባዶ ነው፣ ፀሐይ ብቻ ተሳፍራለች።
እሱ ግን፣ የት ይወርድ እንደነበር፣
ሳልጠይቀው እንቅልፍ ወሰደኝ።