ማዳም

ከዘጠነኛው ፎቅ፣ ጨርቅ በእጄ ይዤ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመስታወት ፈዝዤ
ሳያት የኖርኳትን ያቺን ነጭ መርከብ
ዘንድሮ ገባኋት፣ ከራሺድ ወደብ።

ሦስት ሌሊት ከፈልኩ፤ ክፍሌ መስኮት የለው፤
ይሁን፤ ቁልፉ እንደሆን በእኔ እጅ ነው ያለው።

«ማዳም» አለኝ አንዱ፣ ወንበር ስቦልኝ፤
ዞሬ እሷን ፈለግኩ፤ ልቤ ድው አለብኝ።
ለካ እኔን ነው!

ሐብሐብ ተፈልፍሎ፣ ወፍ ሆኖ ተቀምጦ፣
የማን አንጀት ችሎ ይብላው ክንፉን ቆርጦ?
እኔ በላሁ። ሁለቴ።

ማታ ከኻሰብ ማዶ ባሕሩ ሲገላበጥ፣
ያው ወፍ ከነክንፉ ከሆዴ ሲያመልጥ፣
ተንበርክኬ ጠረግኩ፣ ሌሊት፣ ማንም ሳያይ፤
አልጋዬንም አነጠፍኩ፣ ጠርዙን ስቤ ከላይ።

ጠዋት ሮኔል መጣ፣ ክፍል አስተካካይ፤
«ሥራዬን ወሰድሽው፣ ማዳም!» ብሎ ሳቀ፣
ቀይ ዓይኑ በቁሙ እንቅልፍ እየናፈቀ።
ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን ማድረግ አሳየኝ፤
ጆሮው እሺ ሲለኝ ኩምቢው እምቢ አለኝ።

ሰኞ፣ ከካውያው ጎን፣ ዝሆኔን አቆምኩት።
«ማን ሠራው?» ስትለኝ ትንሿ ሺማ፣
«ማዳም» አልኳት።