የዓሣው ፍሪጅ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣
አንዲት አዳራሽ አለች ቆርቆሮ ለብሳ ባሕሩን የምታይ።
ወንበሯ ሰማንያ፣ እንግዳዋ መቶ፣
መብራቷ የሚበራ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ከሽንት ቤቱ በር፣
ሚክሰሬን ታቅፌ ባለ ሦስት እግር ወንበር።

ሙያዬ እንዲህ ነው፤
ድምፁ ሲያምር ቢያመሽ የሚያውቀኝ አይገኝ፣
ያጓራ ለት ግን መቶ አንገት ዞሮ ነው የሚያየኝ።

ቅዳሜ ማታ ነው፣ በጋ ነው። ዞይላ ቆማለች፣
በሰባ ዓመቷ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፣
ጉሮሮዋን ጠርጋ «እንደምን አመሻችሁ» አለች፤
ስፒከሩ ቀደማት፦
እምምምም…
ሆዱን እንደቆረጠው በሬ፤ ዝም አይል፣ አይጮኽም።

መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኩት።
ቀጥሎ ማይኩን፤ ነፋሁት፣ መታሁት።
ከዚያ አምፕሊፋየሩን፣ ፊውዙ በሲጋራ ብራማ ወረቀት የተጠቀለለውን፣
አስተማሪዬ አኒባል ነፍሱ ሊወጣ ሲል «ይሄስ ከኔ ይበረታል» ያለለትን፣
ጆሮዬን አስደግፌ አዳመጥኩት፤ ሙቅ ነው፣ ደህና ነው።
ታዲያ የሚያቃስተው ማነው?

ከፊት ወንበር አንዱ አፏጨ።
በሆዴ ተሳብኩ፣ ገመዱን ይዤ መድረኩ ሥር ገባሁ፤
አቧራ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የአምና ትኬት አገኘሁ፤
ሽቦው ግድግዳ በስቶ አለፈ፤ ተከትዬው ጓዳ ወጣሁ።
እዚያ፣ የወንሴስላኦ የዓሣ ፍሪጅ፣ ጎኑን ዝገት በልቶት፣
አንድ ሶኬት ከኔ ገመድ ጋር ያለ ሽማግሌ አጋብቶት።

ነቀልኩት።

ጸጥታው ቀዝቃዛ ውሃ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ፈሰሰ።
ዞይላ ዘፈነች። ያፏጨው ሰውዬ አለቀሰ።
ምን እንደዘፈነች አትጠይቁኝ፤
ዘፈን ሲሄድ እኔ የምሰማው ሊመጣ ያለውን ስንጥቅ ነው፤
ያን ማታ ደግሞ በረዶውን፣ ጓዳ ውስጥ የሚቀልጠው።
አርባ ኪሎ ዓሣ። የሰውዬው የእሑድ ገበያ።

«አንድ ጨምሪ!» አሉ። አምላኬ፣ አንድ ብቻ።
ሦስት ጨመረች።
ከጓዳው በር ሥር ውሃ መጣ፣
ቀስ ብሎ፣ ጫማዬን ነካ።

እኩለ ሌሊት ሶኬቱን መለስኩ። ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ፣
ያችኑ ዜማውን ከቆመበት ቀጠለ።

ጠዋት ወንሴስላኦ ዓሣውን አሸተተ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።
«ማታ ድምፁ እንዴት ነበር?»
«ጥርት ያለ።»
«እንግዲያው» አለ፣ ቢላውን እየሳለ፣
«ሾርባ ነው ዛሬ። ግማሹ ያንተ ነው።»

በላሁ።