ቅርፊት

በማቶዚንዮሽ ወደብ፣ ሰርዲን ስትመዝን፣
ዴዎሊንዳ ሳቀች፤ እኔም ቀለብኩ ሳቋን።
ሃምሳ ዩሮ ከፈልኩ፣ ወረቀት ዘረጋሁ፣
ብዕር አቀበልኳት፣ መስመሩን አሳየሁ።
እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፈረመች፣
የዓሣ ቅርፊት ከፊርማዋ ጎን ጥላ ሄደች።

«ለማናቸውም ጥቅም፣ በየትኛውም ስፍራ፣ ለዘላለም» —
እሷ አላነበበችው፣ እኔም አላነበብኩላትም።

ፎቶውን ባንክ ገዛ።
ዛሬ በአውቶቡስ ጎን ትስቃለች፤
«ኑ፣ ተበደሩ!» ትላለች።
ባለፈው ማክሰኞ፣ ለማቀዝቀዣ መግዣ ብድር ብትጠይቅ፣
«ዋስ አምጪ» አሏት፤
ባንኩ የተዋሰው ፊቷ ለራሷ ዋስ አልሆናት።

ጠበቃዬ ውሉን አገላብጦ፣ «እንከን የለውም» አለኝ።
ቅርፊቱን ብፍቀው፣ ብፍቀው፣ አልለቅ አለ፤
ፊቷን ሸጥኩት፣
ቅርፊት ቀረኝ።