ውሃ የጠጣው ኮከብ

ከበሽሎ በላይ፣ ከገደሉ ጉያ፣
በደረት ተስበው በሚያልፉበት መግቢያ፣
ዓሥር ዓመት ሙሉ ዶማ ጨብጬ ኖርኩ፤
ኦፓል እያሰብኩኝ አፈር እያላመጥኩ።
ደህና ደህናው ድንጋይ ወገል ጤና ወርዶ
በሚዛን ይለካል፤ ይሄዳል ባሕር ማዶ።
ለኔ የሚቀረኝ በጆንያ ጥግ ያለው፣
ስንጥቁ፣ ፍርካሹ፣ ደላላ የናቀው።

ኅዳር ሲጋመስ ነው፤ እንቅልፍ ያጣሁ ለታ
ዘረገፍኩት እቤት ከመደቡ ተርታ።
ቡናማው ላም መስሎ፣ ጥቁሩ ሌት መስሎ፣
ነጩ ደግሞ ጨርቅ፣ በሕፃን ተጠቅልሎ፣
ጠበቁኝ። እኔ ግን ሠዓሊ አይደለሁ፤
ዳዊት ሳልጨርስ ነው ከየኔታ የሸሸሁ።

የጋጣውን መዝጊያ፣ ያረጀውን ወይራ፣
ነቅዬ አወጣሁት። ላሚቱ ስትጣራ
አንጓች ነቃችና፣ "ምን ሆነሃል?" አለች።
"ቤተ ልሔም ልሠራ።" ዝም ብላ አየች፤
ከዚያ ግን በነጋው፣ በስንጥቅ ሸክላ፣
የግራሩን ሙጫ አመጣች ቀቅላ።

ስንጥር በስንጥር፣ በወስፌ እየገፋሁ፣
ጣቴ እስኪጣበቅ አንድ ወር ለፋሁ።
አንዳንዱ ይወድቃል። የዮሴፍ ጉልበቱ
ሦስት ጊዜ ተናደ፣ አልይዝ ብሎ አጥንቱ።
ካንዱ መልአክ ክንፍ ጫፍ የረገፈ ላባ
ዶሮዋ ዋጠችው ከደጅ ስትገባ።
የእመቤቴን ፊት ግን ምን ድንጋይ ይመስላል?
ጆንያውን ገለበጥኩ፤ አንዱ እጅግ ይነጣል፣
ሌላው ይጠቁራል። ተውኩት ያለ ድንጋይ፤
ሁለት አንጓ ነበር፣ ዓይን የሚመስል ሲታይ።

የቀረው ኮከብ ነው።
እሱም አለኝ፤
በጥቅምት ያገኘሁት፣ ባቄላ የሚያህል፣
ስታዞረው እሳት፣ ስታዞረው ቅጠል፣
ባንጓች መሐረብ ውስጥ ተቋጥሮ የሚውል።

ደላላው ይመር ነው ይህን ወሬ የሰማ፤
መጣ ተቻኩሎ በሞተር ከከተማ።
ባትሪ አብርቶ አየው፤ ምራቁን ዋጠና
"የሁለት በሬ ዋጋ እቆጥራለሁ፣ ና።"
አንጓች ቀና አላለች። ጣራችን ያፈሳል፤
የልጁ ደብተር፣ ዱቄት፣ ሁሉም ይታወሳል።
"አልሸጥም" ስለው ለኔም አልመሰለኝ፤
የሌላ ሰው ድምፅ ነው ካፌ የወጣብኝ።
ይመር ሥዕሉን አየ፤ አንገቱን ቧጠጠ፤
ሰብአ ሰገል ጋ ሲደርስ ዓይኑን አፈጠጠ፤
"ይሄ ሚዛን ያዡ እኔ ነኝ? እውነቴን፣
በጎን አትሣለኝ፣ ስጠኝ ሁለት ዓይኔን፤
የጎን ፊት የክፉ ነው ይላሉ ካህናት።"
ሳቅኩና አንድ ፍንካች ለዓይኑ ጨመርኩለት።

የልደት ዋዜማ፣ ብርዱ ሲቆረጥም፣
በጋቢ ጠቅልለን ወሰድነው ለማርያም።
ኮከቡ በጧፍ ፊት እየተንቀለቀለ፣
ያየው ሰው በሙሉ አፉን ከፍቶ እልል አለ።
ቅዳሴው ሲፈጸም አባ ውቤ መጡ፤
ጠበል እየረጩ፣ ለሁሉ እየሰጡ፣
በሥዕሉም ላይ ረጩ፣ በረከት ነው ብለው።

ኮከቡ ጠፋ።
ቀስ እያለ፣ ዓይን እንደሚከደን።
ቀዩ ሄደ። አረንጓዴው ሄደ።
የቀረው ብርጭቆ መሰለ፣ ባዶ፣
ከኋላው ወይራው የሚታይበት።
ሰው ተንሾካሾከ። አንጓች ክንዴን ያዘች፤
እጇ የሁለት በሬ ያህል ከበደኝ።

ይመር ለካ ከደጁ ቆሞ ሲያይ ኖሯል፤
"አትደንግጡ" አለ፤ "ውሃ ጠጥቷል።
የኛ አገር ድንጋይ ነው፤ ሲያገኝ ይጠጣል፤
ሲደርቅ ይመለሳል።"
አባ ውቤም ጢማቸውን ዳሰሱ፤
"ያኛውም" አሉ፣ "ኢየሩሳሌም ሲደርሱ
ተሰውሮ ነበር።"

ሁለት ቀን ጠበቅሁት።
ከሜዳው የገና ሩር ጩኸት ይሰማል፤
እኔ ከሥዕሉ ሥር ቁጭ ብያለሁ፣
እንደ ሕመምተኛ ዘመድ።
በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከጥጉ፣ አንዲት ነጥብ፣
አመድ ውስጥ እንዳደረች ፍም፣
ቀላች።
አንጓችን ጠራኋት። በጣቷ ነካችው፤
"ደርቋል" አለች ብቻ።
ይመር ከደጃፉ አንገቱን አስግጎ አየ፤
ጉሮሮውን ጠረገ፤
"ሦስት በሬ" አለኝ።