ከጠረጴዛ የወደቀ

ሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር፣
ከጎሚስታው ደጅ፣ ከጅቡቲ መንገድ ዳር፤
አዳማ ላይ ይህ ነው የኛ አገር።
የቁልፉ ቀዳዳ ጉድጓድ ነው፣ ውኃ የሚቀዳበት፣
ማጠፊያው ድልድይ፣ የዛገ ብረት፤
ከፍራሽ የተቦጨቀው ስፖንጅ ተራራ ሆኗል፤
ሽኩር አረንጓዴ ሲቀባው ቀለም አልቆበት
ግማሹ በጋ ላይ ቀርቷል።

እግረኛው ቆርኪ ነው። ፈረሰኛው ካንዴላ።
ንጉሡ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ከነክብሩ፣ ከነጥላ።
የድልድዩ ጠባቂ ሲምቦ ግን ለብቻ ናት፤
ሌንሳ ናት እርሳስ አቅልጣ በጭቃ ቅርጽ ያፈሰሰቻት፣
ጋሻዋን ቀይ፣ ቀሚሷን ሐምራዊ አድርጋ የቀባቻት፣
ከጸጉር ቤቷ ባመጣችው የጥፍር ቀለም።
ቁመቷ አውራ ጣት አታህልም።

እኔ ዳኛ ነኝ፤ ተራኪም። በአፌ አዘንባለሁ፣
«መሸ» ስል ይመሻል፣ በሌለ በር «ማነው?» እላለሁ።
ደንባችን በሒሳብ ደብተር ነው፣ ሠላሳ አራት አንቀጽ፣
የጠብ ማግስት ጽሑፍ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ገጽ።
ዘጠነኛው የሽኩር ነው፤ በቀይ ተሰምሮበታል፦
«ከጠረጴዛ የወደቀ ዳይስ አይቆጠርም፤ ይደገማል።»

ቅዳሜ ነበር። የአዳማ ነፋስ፣
ያ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፍ የሚያሾር፣ አቧራ ዐይን ውስጥ የሚያፍስ፣
የሽኩርን ግራ ጦር፣ አሥራ ሁለት ቆርኪ፣ ጠርጎ ሲወስድ
«ሸሹ ነው የሚባለው፣ ወይስ አየር ነው?» ብለን ስንፈርድ
መሸ። መብራት ሄደ። በስልክ ብርሃን ቀጠልን።
ሲምቦ ድልድዩ ላይ ብቻዋን፤ ሰባ ቆርኪ ከፊቷ።
«አምስትና ከዚያ በላይ ከመጣ ትኖራለች» አልኩ፤ ዝም አልን።
ሌንሳ ዳይሱን አሸች፣ እፍ አለችበት፣ ተከፈተ መዳፏ፤
ዞረ፣ ሾረ፣ ከጠርዙ ዘለለ፤
ያን ጊዜ ገለታ፣ ጎማ አስሞልቶ የጨረሰ፣
ተሳቢውን አስነስቶ ጡሩንባ ነፍቶ ገሰገሰ።

በሆዳችን ተኝተን መሬት ዳሰስን። የለም።
ከሉዶ የተረፈ አንድ ነበር ያለን፤
የጎማው ጥርስ መሃል ተሰክቶ ጥሎን ሄደ።

«ከሱቅ ሌላ እንግዛ፣ ይደገም» አለ ሽኩር፣ ዘጠኝን ገልጦ።
«በሌላ ዳይስ አልሞትም» አለች ሌንሳ፣ ፊቷ ተለውጦ፤
«ደግሞስ ይሄ የቱ ጋ ነው ጠረጴዛ? በር አይደለም?»
ሠላሳ አራቱን አንቀጽ አገላበጥኩ፤ ስለ በር የሚል የለም።

ጦርነቱ ቆመ፤ በላስቲክ ሸፈንነው፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን።
ሲምቦ ከላስቲኩ ሥር፣ አልሞተች፣ አልተረፈች።
እኔ ማታ ማታ እንቅልፍ እያጣሁ፦
ያ ዳይስ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንቴ ይጣላል?
አዋሽ ላይ ስድስት፣ ሚሌ ላይ አንድ፣
ማን ቆሞ ያያል? ግመል ይቆጥራል?

በሃያኛው ቀን ገለታ መጣ። ጎማ ለጎማ ተሳብን።
«ኬላ ላይ እንዲህ አልተፈተሽኩም!» ቢል አልሰማነው።
ከጠጠሮቹ መሃል፣ በካቻቢቴ ፈልቅቀን
አገኘነው። አምስት ፊቱ ደህና፤ አንዱን አስፋልት ላጭቶታል።
ሽኩር ቆጠረ፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።
«የጠፋው ሁለት ነው።» ከንፈሩን ነከሰ፤
ሰባ ቆርኪ ያሰለፈ፣ ለዚያች ድልድይ ወር ሙሉ የደገሰ፣
«ጎማው ከላይ ነው የጫነው» አለ፤ «የተላጨው የታቹ ነው።
የሁለት ጀርባ አምስት ነው፤ የፊትና የጀርባ ድምር ሁሌም ሰባት።
ኖራለች፣ ሌንሳ። ውሰጃት።»

ሌንሳ ደብተሩን ሳበች፤ በጣቷ እየተከተለች
«ከጠረጴዛ የወደቀ አይቆጠርም፤ ይደገማል» አለች።
«በር ነው ብለሽ አልነበር?»
«ያን ጊዜ በር ነበር።»

ቀይዋን ጠርሙስ ከፈተች። በተላጨው ፊት ላይ
ሁለት ነጥብ፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ አስቀመጠች።
ገለታ እንኳን ሞተሩን አጥፍቶ ወርዷል።
«በይ ወርውሪ!» አልኳት።
«ቆይ» አለች፣ እፍ እያለችበት፤
«ቀለሙ ይድረቅ።»