ያልወረዱ ተሳፋሪዎች

ከማዱራይ መናኸሪያ፣ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ፣
ቬላዩዳም ትኬት ቆረጠ፣ ጸጉሩ ሽበት እስኪለብስ።
በየፌርማታው ሻይ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፤
"ላብ ያወጣዋል" እያለ ራሱን ሲሸነግል ነበር።

አሁን ስድስት ሳምንት ሞላው፣ መራራ ሻይ ሲጠጣ፣
ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ፣ ቤቱ በእግሩ ሲመጣ።
ጧት ጧት ጣቱን ሲወጋ፣ ቁጥሩ መልካም ነው፣ ደህና፤
የሦስት ወሩ አማካይ ግን ዘጠኝ ላይ ቆሟል ገና።

"ማሽኑ ዋሸ!" አለ። ነርሷ ፖንማላር ሳቀች፣
በወረቀቱ ጀርባ ላይ አውቶቡስ ሣለች።
"ቀይ የደም ሕዋስ" አለች፣ "አራት ወር ነው የሚጓዘው፤
ሻይህ ስለመረረ አይወርድም፣ መንገዱ ነው የሚያዘው።
በዲፓቫሊ በዓል የተሳፈረ፣ ስኳሩን በጉያው ይዞ፣
አልወረደም ገና፤ ተኝቷል፣ መስኮት ተመርኩዞ።
በየካቲት ተመለስ።"

"ገባኝ" አለ ቬላዩዳም። "እኔም ሃያ ዓመት ስሠራ፣
ሰው ከፌርማታው በፊት አላወረድኩም፤ ሁሉም በተራ።
ብቻ በሩ በእጄ ነው።"

ማታ፣ ሰባት ቁጥር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ጥሎት፣
ከጣቱ የሾለከ ትኬቱን ጉልበቱ ላይ አኖረለት።
ሻይ ሻጩ በመስኮት ብርጭቆ ዘረጋ፣ እንደ ልማዱ፤
ቬላዩዳም ፊሽካውን ነፋ።
ሄዱ።