የጋሻው ሆድ

አርባ ሁለት ጋሻ፣ ከመቅደሱ ግድግዳ፣
ተሰቅሎ ይታያል፣ የተከፈለ ዕዳ፤
አንዱ ጊንጥ አለበት፣ አንዱ የበሬ ቀንድ፣
አንዱ ጠጉረ እባብ፣ ምላሷን ያወጣች፣ ዓይኗ የሚነድ፤
ከጠላት ተገፎ፣ ከድል ሜዳ መጥቶ፣
ለአፖሎ ምስጋና፣ በዜማ ተሰጥቶ።

የምትወለውለው ቲማሬታ ናት፣
ባሏን ትኩሳት፣ ልጇን ጦር የበላባት፤
በዓሉ ሲቃረብ ከችንካር አውርዳ፣
ስታሽ ትውላለች በአመድ በዘይት፤
«ነሐስ የረሱት ለት፣ ያለቅሳል አረንጓዴ»
ትላለች፣ ለማንም፣ ምናልባት ለሸረሪት።

ፊቱን ያየ ብዙ ነው፤
ጎረምሳ በዚያ ሲያልፍ ደረቱን ይነፋል፣
ሹም ይምልበታል፣ ሕፃን ይሸሸዋል።
ሆዱን ግን ከእሷ በቀር ያየው የለም፤
ላብ የጠጣ ሌጦ፣ የደረቀ ደም፣
ማንገቻው ከሥሩ በሰይፍ ተቆርጦ፤
ደንብ ነው፤ ጋሻ ማንገቻ እያለው አይሰቀልም አጊጦ፤
ሌሊት ተነሥቶ የሚታጠቀው አይታጣምና፣
አምላክ ቤት መሣሪያ የለም፤ ያለው ምስጋና።

ዘንድሮ፣ ከባለ በሬ ቀንዱ ሆድ ውስጥ፣
ሌጦው ሲላቀቅ ጣቷ ጭረት ነካ፤
በጩቤ ጫፍ የተጫረ ፊደል ኖሯል ለካ።
ፊደል አትቆጥርም።
በመጎናጸፊያዋ ጠቅልላ አዘለችው፣
እንደ ታመመ ልጅ ቁልቁል ወሰደችው።

ከበለሱ ጥላ ፋንያስ ተቀምጧል፣
ቁርጭምጭሚቱን ጦር ወስዶት ያነክሳል፤
«ደግ ምንድር ነው?» ይላል፤ «ጀግናስ ማን ይባላል?»
ልጆቹ የመለሱትን እንደ ሽንኩርት ይልጣል፤
ልጦ ልጦ፣ ባዶ እጁን፣ እንባቸውን ያያል።

«አንብብልኝ» አለች።
ጋሻውን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ፣
ጭረቱን በጥፍሩ ተከትሎ፣
«አፖሎ ሆይ፣ ጠብቀኝ።
የዴክሲፖስ ልጅ፣ ኮሞን ነኝ።»

ጢም ያላበቀለ አንዱ ሣቀ፤ «የትኛው አፖሎ?
የእኛን ሊለምን ነው፣ በእኛ ላይ ጦር ስሎ?»
ፋንያስ አልሣቀም።
«እዚያ ነበርኩ» አለ፤ «ጎሕ ሳይቀድ ፍየል አረድን፣
ሞራ ገላጩ ጉበቱን አይቶ፣ ‹ፈቅዷል፣ ግቡ› አለን፤
ቀና ብል፣ ከወንዙ ማዶ ጭስ ይወጣል፤
እነሱም አርደዋል። ለእነሱም ፈቅዷል።
ፍየሎቹ ምናልባት የአንዲት እናት መንታ፣
አንድ ዳገት የጋጡ፣ ጠዋት ማታ።
ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ። መልሱን ግን…»
አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ የሚልጠው አጣ።
ልጆቹ አንድ በአንድ ለምሳ ተበተኑ።

ቲማሬታ አልጠበቀችም።
«ስሙን ድገምልኝ። ኮሞን?»
«ኮሞን።»
ዳገቱን ስትወጣ በየደረጃው ጠራችው፤
እንዳይጠፋባት፣ እንደ ቁልፍ፣ አፏ ውስጥ ያዘችው።
«የኤኬቲሞስም ጋሻ» አለች፣ «እነሱ ዘንድ ይሆናል፤
አንዷ እንደ እኔ ታሸዋለች፤ ዘይት ካላት ያበራል።»

ሌሊቱን በኩራዝ፣ የልጇን ጫማ ጠፍር ቆርጣ፣
ከጉልበቷ ገልብጣ፣ ሆዱን ወደ ሆዷ፣
ማንገቻ ሰፋችለት፣ የተወጋ ጣቷን መጥጣ።

በበዓሉ ንጋት ካህኑ ሲቆጥር፣ እጁ ጠፍር ነካ፤
«ይህ ለማን ነው?» አለ፣ ድምፁ ሳይረካ።
«ባለቤቱ ቢመጣ» ብላ የዘይት ማሰሮዋን ከደነች።
ካህኑ የመሥዋዕቱን ቢላ መዘዘ፤ ጠፍሩን በጠሰ፤
ያው ቢላ፣ ሳይወለወል፣ ከፍየሉ አንገት ደረሰ።
ዝማሬ ተነሣ። የበሬው ቀንድ በፀሐይ አንጸባረቀ።

በዓመቱ ሌላ ጦር፣ ሌላ ድል፤ ጋሻው ሃምሳ ሞላ።
ቲማሬታ ከቆዳ ፋቂው ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣
«አንድ ኦቦል ቀንስልኝ» እያለች፣
ስለ ዘጠኝ ማንገቻ ዋጋ ትከራከራለች፤
ስምንቱ የአዲሶቹ፣
አንዱ የኮሞን።